ላቦራቶሪው «ትል የለም» አለ፣ ጥጆቹ ግን መሳል አላቆሙም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ረዘም ስለሚል ሌላውም አንባቢ እንዲገባው መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው። አባትህ ከአዘዞ ወረድ ብሎ መገጭ ወንዝ ዳር ሁለት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞችና ዓመት ያልሞላቸው ሦስት ጥጆች አሏቸው፣ ጥጆቹ ዘንድሮ ክረምት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ግጦሽ የወጡት፣ ከመስከረም ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዟቸዋል፣ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ሦስት ቀን ተወግተው ለውጥ የለም፣ እበት ላብ (ላቦራቶሪ) ወስደህ «ትል አልተገኘም» ተባልክ፣ ጎረቤታችሁ ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በአፍንጫ ጋቷቸው ይላል፣ የሱም በጎች ይስላሉ። ከበጎቹ ተላልፎ ይሆን ወይ፣ ወተቱስ ይጠጣል ወይ ብለሃል።

እኔ እዚሁ ጎንደር የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ በየዓመቱ ይሄን አይነት ኬዝ ይመጣልናል፣ እና ካልከው ተነስቼ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ የሳንባ ትል ነው። ሳላያቸው አልፈርምልህም ግን ነገሩ ሁሉ ወደዛው ነው የሚያመላክተው፤ ልጅ ናቸው፣ የመጀመሪያ ግጦሻቸው ነው፣ ቦታው ረግረግ ነው፣ ይበላሉ ይጠጣሉ ግን ይስላሉ፣ አንቲባዮቲኩ ንክች አላደረገውም፣ እናቶቻቸው ደግሞ እዛው ሜዳ ላይ ውለው ደህና ናቸው። የመጨረሻው ነገር ትልቅ ፍንጭ ነው፣ እመለስበታለሁ።

«ላቡ ትል የለም ብሏል» ያልከው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ላቡ አልዋሸህም። እበት ይዘህ ስትሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራልህ የትል እንቁላል ፍለጋ ነው፤ እበቱን በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ያጣሩታል፣ እንቁላሉ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የተንሳፈፈውን አንስተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ለሆድ ትል ጥሩ ቴስት ነው። የሳንባ ትል ግን እበት ላይ በእንቁላልነት አይወጣም እኮ! ሴቷ ትል እንቁላሏን እዛው የሳንባ ቧንቧ ውስጥ ነው የምትጥለው፣ ስትጥለው እጩ (ገና ያላደገው ትል) ውስጡ ስላለ ብዙ ሳይቆይ ይፈለፈላል፣ ጥጃው ሲስል እጩ ከአክታ ጋር ወደ ጉሮሮ ይመጣል፣ ከብት ደግሞ አክታውን አይተፋም፣ ይውጠዋል፣ ሆዱን አልፎ እበት ላይ ሲደርስ በሕይወት ያለ እጭ ነው። ያን እጭ ጨው ውሃ ውስጥ ስትከተው ይጨማደዳል፣ ባለሙያውም ዓይኑ እንቁላል እየፈለገ ስለሆነ ያልፈዋል።

ስለዚህ ድጋሚ ስትሄድ «ቤርማን ይሠራልኝ» በል። ቀላል ነገር ነው፣ ውድ ማሽን የለውም። ከ20 እስከ 30 ግራም ትኩስ እበት በጋዝ (ቁስል በሚታሰርበት ስስ ጨርቅ) ይቋጠርና ለብ ያለ ውሃ በሞላው ፈነል አናት ላይ ይንጠለጠላል፣ የፈነሉ ጫፍ ላይ የተቆለፈ የጎማ ቱቦ አለ፣ እጮቹ ከጨርቁ እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ ግን ሽቅብ መዋኘት ስለማይሆንላቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ አድሮ ጠዋት ከቱቦው ጥቂት ጠብታ ተለቆ ማይክሮስኮፕ ስር ይገባል። የከብት ሳንባ ትል እጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዘገምተኛ ነው፣ ሆዱ ቡናማ ፍሬ ፍሬ ነገር የሞላበት ነው፣ አንዴ ያየው ባለሙያ አይስተውም። ፈነል የለንም ካሉህ ረጅም ብርጭቆም ይሠራል። እኛ ጎንደር የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለን ከብዙ ከተማ እድለኞች ነን፣ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ካልሠራልህ ወደዛ ጠይቅ።

ሳምፕሉን ግን ከመሬት አንስተህ እንዳትወስድ። መሬት ላይ ያደረ እበት ውስጥ የአፈር ትሎች ይገባሉ፣ የሆድ ትል እንቁላልም ሙቀት ካገኘ ይፈለፈላል፣ ከዛ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ጣጣ ነው። ጠዋት ጓንት አጥልቀህ ከፊንጢጣ አውጣ፣ ጓንቱን ገልብጠህ እዛው ውስጥ ቋጥረው፣ የየትኛው ጥጃ እንደሆነ ጻፍበት፣ በዛው ቀን አድርስ። ከሦስቱም ውሰድ እንጂ ከአንዱ ብቻ አይሆንም።

ሌላ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ አለ፣ ይሄን ባለሙያውም አንዳንዴ ይረሳዋል። ጥጃው እጩን ከሳር ጋር ከበላበት ቀን ጀምሮ ትሉ አድጎ መውለድ እስኪጀምር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። እጩ ግን አንጀት በስቶ፣ በሊምፍና በደም ዞሮ፣ በሳምንት አካባቢ ሳንባ ይደርሳል፣ ማስሳልም ማስተንፈስም ከዛ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ጥጃ ክፉኛ እየሳለ እበቱ ላይ ግን አንድም እጭ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ ቤርማንም ሠርተህ ባዶ ሊመጣ ይችላል። እኔ በዚህ ሰዓት እንዲህ አይነት ታሪክ ይዞ የመጣ ሰው ሪዘልት እስኪመጣ ጥጃው ይጠብቅ አልልም፣ ሳምፕሉን ወስጄ መድሃኒቱን በዛው ቀን ነው የምጀምረው።

አሁን ለምን በዚህ ወር እንደሆነ። እበት ላይ የወጣው እጭ እርጥበትና ለስላሳ ሙቀት ካገኘ በሳምንት አካባቢ ውስጥ ሊያሳምም የሚችል ደረጃ ላይ ይደርሳል። ምንም አይበላም፣ በያዘው ስንቅ ነው የሚኖረው፣ ፀሐይና ድርቀት ይገድለዋል፣ ጥላ ያለበት እርጥብ ሳር ውስጥ ግን ይቆያል። ራሱ ደካማ ስለሆነ ከእበቱ ብዙ አይርቅም፣ ግን እበት ላይ የምትበቅል ፒሎቦለስ የምትባል ትንሽ ሻጋታ አለች፣ እጮቹ እሷ ጫፍ ላይ ይወጣሉ፣ ሻጋታዋ ዘሯን በኃይል ስትተኩስ እነሱም አብረው ተስፈንጥረው ሁለት ሦስት ሜትር ድረስ ሳሩ ላይ ይበተናሉ። ከብት እበት ያለበትን ሳር አይበላም የሚባለው እውነት ነው ግን እዚህ ላይ አያድነውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ሀገር ልጨምር። በበጋ እናቶቻችን እበቱን ለቅመው ኩበት ስለሚጠፈጥፉት ሜዳው ሳይታወቅ ይጸዳል። ክረምት ላይ ግን ኩበት የሚጠፈጥፍ የለም፣ አይደርቅማ! እበቱ እዛው ሜዳ ላይ ዝናብ እየመታው ይከርማል፣ እጩ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ላይ የተጠራቀመው ጣጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጥጃው ሳንባ ውስጥ ይታያል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሁሉ፣ መገጭ ዳርም ይሁን ደምቢያ ሜዳ ወይ ፎገራ፣ ነገሩ ያው ነው።

ወደ እናቶቹ ልመለስ። ከብት ይሄን ትል አንዴ ከታመመበት ጥሩ መከላከያ ያበጃል፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲያገኘው ደግሞ ይታደስለታል። ለዛ ነው ላሞቹ እዛው ውለው ደህና የሆኑት፣ ጥጆቹ ግን ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት። ነገር ግን ደህና የምትመስለው ላም ንጹህ ናት ማለት አይደለም፤ ጥቂት ትል፣ ወይ እድገቱን አቁሞ የተኛ ትል ሳንባዋ ውስጥ ይዛ በጋውን ታሳልፍና ዝናብ ሲገባ ሜዳውን እንደገና ትበክለዋለች። በጋ ሙሉ ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ በክረምት ትሉ ከየት መጣ ለሚል መልሱ ይሄ ነው። በነገራችን ላይ ከተማ ውስጥ ታስራ ስትመገብ የኖረች ትልቅ ላም ገዝተህ በክረምት ረግረግ ላይ ብትለቃት እሷም እንደ ጥጃ ነው የምትታመመው፣ ወተቷም ወዲያው ይወርዳል።

ማስረጃ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ፣ በዚህ በሽታ የሞተ ወይ የታረደ ጥጃ ሲገኝ የአየር ቧንቧውን ከጉሮሮ ጀምሮ በመቀስ ሰንጥቆ ማየት ነው። ነጭ አረፋ ይገነፍላል፣ አረፋውን ጠረግ ስታደርገው ነጭ የስፌት ክር የመሰለ ትል ተጠላልፎ ታገኛለህ፣ ሴቷ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ሳንባው ደግሞ በተለይ ከኋላ በኩል ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ጠቆር ቀላ ያለ፣ ስትጫነው እንደ ደህና ሳንባ የማይሰምጥ ጠጣር ቦታ ይኖረዋል። እግረ መንገዴን፣ ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ እሱ ሌላ ትል ነው፣ ለውሻ አትወርውሩት፣ ከውሻ ዞሮ ሰው ላይ ነው የሚመጣው፣ ቅበሩት።

አሁን አንተ ቤት ሆነህ የምታየውን ልንገርህ። ጥጃው ጥላ ስር ተረጋግቶ በቆመበት ጎኑን እያየህ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠር፣ ስታባርረው ከርመህ አይሆንም። የደህና ጥጃ ከ20 እስከ 40 ቢሆን ነው። ከ60 ካለፈ፣ አንገቱን ዘርግቶ አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ የሚተነፍስ ከሆነ ከባድ ነው። ከዛ ቴርሞሜትር ፊንጢጣው ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆይ። እስከ 39.5 ድረስ ለጥጃ ምንም አይደለም። የሳንባ ትል ብቻውን ሲሆን ሙቀቱ ብዙም አይጨምርም፣ 40ን አልፎ 41 ከሄደ ወይ ባክቴሪያ ተደርቦበታል ወይ ከመጀመሪያውም ሌላ በሽታ ነው።

«ሌላ» ስልህ ሦስት ነገር ነው የሚያስፈራኝ። አንዱ ፓስቸረላ የሚባለው የባክቴሪያ የሳንባ በሽታ ነው፣ በድንገት ነው የሚመጣው፣ ትኩሳቱ ከፍተኛ ነው፣ ጥጃው መብላት ያቆማል፣ ኦክሲ በጊዜ ከተሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለውጥ ታያለህ። ሁለተኛው ሳምባ የሚባለው ተላላፊው በሽታ ነው፣ እሱ ትልልቆቹንም አይምርም፣ ክርናቸውን ከደረታቸው አርቀው ይቆማሉ፣ ሲተነፍሱ ያቃስታሉ፣ ይሄን ካየህ ከብቱን ከቤት ሳታወጣ ለወረዳው እንስሳት ጤና ማሳወቅ አለብህ፣ ገበያ ይዞ መሄድ የሰፈሩን ከብት መጨረስ ነው። ሦስተኛው ቲቢ ነው፣ በዲቃላና በውጭ ዝርያ ላሞች ላይ የሚያስቸግር፣ ሳሉ ወራት የሚዘልቅ፣ ላሟ እየበላች የምትከሳበት። አንተ ካልከው ጋር ሦስቱም ብዙ አይገጥሙም ግን ሙቀቱን ሳትለካ እንዳታልፈው።

መድሃኒቱ። አልቤንዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ይሠራል፣ ለቫሚዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ይሠራል፣ አይቨርሜክቲን 1 ፐርሰንቱ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ስር ይሠራል። ለጥጆቹ እኔ የምመርጠው አይቨርሜክቲን ነው፣ ምክንያቱም ገና በማደግ ላይ ያለውንም የተኛውንም ይመታል፣ ከተወጉ በኋላም ለሳምንታት አዲስ እጭ እንዳይዛቸው ይከላከላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጋት የለውም፣ ለሚስል ጥጃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለቫሚዞል ስትሰጥ ዶዙን ማብዛት አደጋ አለው፣ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ «ትንሽ ጨመር እናርግለት» የሚባል ነገር እዛ ላይ አይሠራም።

ክብደቱን በዓይን አትገምት፣ ሜትር ይበቃሃል። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ፣ ከትከሻው ነጥብ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን ለካ፣ በሳንቲ ሜትር፣ የደረቱን ልኬት በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ10,840 አካፍለው። ደረቱ 140 ርዝመቱ 120 የሆነ ወይፈን 217 ኪሎ ገደማ ይመጣል ማለት ነው፣ በአልቤንዳዞል 1,627 ሚሊ ግራም ነው የሚፈልገው፣ ባለ 600 ሚሊ ግራሙን ቦለስ (ትልቁን እንክብል) ሦስት ብትሰጠው ልክ ነው፣ አንድ ብቻ ብትሰጠው ግን ትሉን አለማመድከው እንጂ አልገደልከውም። የምታየው የጥጃ ሆድ ትልቅ ስለሆነ ሰው ሁሌ ይሳሳታል፣ አንዱ አብዝቶ አንዱ አሳንሶ። መድሃኒቱንም ገበያ መሬት ላይ ከተነጠፈ ላይ ሳይሆን ከእንስሳት መድሃኒት ቤት ግዛ፣ ጊዜው ያለፈበትና ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው ብዙው።

ሦስቱንም ጥጆች በአንድ ቀን አክም፣ የሚስለውን ብቻ አይደለም። ላሞቹን ግን ለየት አድርገህ አስብ። የሚታለቡ ስለሆኑ አይቨርሜክቲን አትውጋቸው፣ መድሃኒቱ ወተት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አልቤንዳዞል ከሰጠሃቸው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ያህል ወተቱን አትሽጡ፣ አባትህን ይሄን ማሳመን ሊከብድህ ይችላል ግን የደንበኛ ልጅ ነው የሚጠጣው። ከተዳቀለች 45 ቀን ያልሞላት ላም ካለች ደግሞ አልቤንዳዞል አትስጣት፣ ፅንሱን ይጎዳል። ላሞቹ ካልሳሉ ሐኪሙ አይቶ እስኪወስን መቆየት ይችላሉ።

ሌላ አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ የምፈልገው፣ በጣም የተጎዳ ጥጃ ከታከመ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሊብስበት ይችላል። የሞተው ትል ከቧንቧው በአንዴ አይወጣም፣ ይዘጋል፣ ሰውነቱም ይቆጣል። መድሃኒቱ ገደለው እየተባለ የሚወራው ከዚህ ነው፣ ዘግይቶ መታከሙ ነው እንጂ የገደለው። እንደዛ ያለውን ጥጃ ሐኪም እያየው ነው መታከም ያለበት፣ አንቲባዮቲክና የእብጠት መቀነሻ ሊጨምርለት ይችላል። ነፋስ የሚገባበት አቧራ የሌለው ቦታ እሰረው፣ አታሩጠው፣ ውሃ ሩቅ ድረስ አትንዳው። ሳሉም በማግስቱ ይቆማል ብለህ አትጠብቅ፣ ትሉ ሞቶ የተጎዳው ሳንባ እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል፣ መጀመሪያ የሚሻሻለው ትንፋሹና የምግብ ፍላጎቱ ነው።

አሁን የጎረቤታችሁ ምክር። ሰውየው ለበጎ ነው ያሉት ግን በአፍንጫ መጋት የሚባለውን ነገር እባክህ አታድርገው! ፌጦው አይደለም ችግሩ፣ መንገዱ ነው። በአፍንጫ የገባ ፈሳሽ በቀላሉ ሳንባ ይገባል፣ ጥጃው ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት አየር እየሳበ ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ሳንባው ውስጥ ገብቶ የሚያመጣውን የሳንባ ምች ኦክሲም አያድነውም። እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ትሉ ሳይሆን ጠርሙሱ የጨረሳቸው አሉ። የታዘዘልህ የሚጋት መድሃኒት ከሆነም በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገብተህ፣ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍ እንዳይል ይዘህ፣ ምላሱን ሳትጎትት፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ ስጠው፣ መሳል ሲጀምር ጭንቅላቱን ወዲያው ልቀቀው። ቢፈስስ ይፍሰስ፣ መድሃኒት ይገዛል።

በጎቹ ከብቶቻችሁን አላስያዙም፣ የበግና ፍየል ሳንባ ትል ሌላ ነው፣ ከብቱም ለበጎቹ አያስተላልፍም። አንድ ላይ የሳሉት አንድ ረግረግ ላይ ስለዋሉ ነው። የበጉ ደግሞ ከአንድ በላይ አይነት አለው፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣም አለ፣ ስለዚህ ጎረቤታችሁ በጎቻቸውን ለብቻ ያስመርምሩ፣ እሳቸውም ቤርማን ይበሉ።

ሰው ላይስ? የከብት ሳንባ ትል ሰው አይዝም፣ በወተትም አይመጣም፣ መድሃኒት ካልተሰጣት ላም ወተት መጠጣት ትችላላችሁ። ግን አፍሉት፣ እሱ በቲቢና በሌላ ምክንያት ነው፣ ሁሌም ነው። ክትባት አለ ወይ ለሚል፣ አውሮፓ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጨረር የተዳከመ እጭ ለጥጃ በአፍ የሚሰጥበት ክትባት አለ፣ ጥሩም ይሠራል፣ ግን እጩ በሕይወት ያለ ስለሆነ ዕድሜው አጭር ነው፣ ለእናንተ ሦስት ጥጆች እሱን አስቦ መጠበቅ አያዋጣም።

ለሚመጣው ክረምት የምታደርገው ይልቅ በእጃችሁ ያለ ነው። ጥጆቹን ከሰኔ እስከ ጥቅምት መገጭ ዳር አታውርዷቸው፣ ከቻላችሁ ደጋ ደጋውን፣ ውሃ የማይተኛበትን ስጧቸው፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አትልቀቋቸው። አጭጄ ቤት እመግባለሁ ካልክ ደግሞ ከየት እንዳጨድከው ይወስነዋል፤ ከብት ከሚውልበት ረግረግ ታጭዶ እርጥቡን የመጣ ሳር እጩን ቤት ድረስ ማምጣት ነው፣ በደንብ ፀሐይ የመታው ድርቆሽና ገለባ ግን አያስፈራም። በክረምት እበቱን ከጥጆቹ መዋያ እየዛቃችሁ አንድ ቦታ ከምሩት፣ ለማሳም ይሆናል። የትል መድሃኒት ዝናብ ሲገባ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ አንዴ ለሁሉም ስጡ፣ ያኔ የተኛውም ይመታል ሜዳውም ይቀልለታል፣ ዓይነቱንና የሚታለቡትን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

የሦስቱንም ጥጆች ሙቀትና የደቂቃ ትንፋሽ ለይተህ ጻፍልኝ፣ የደረታቸውን ልኬትም ጨምርበት፣ ዶዙን አብረን እናሰላዋለን። ትንፋሹ ከ60 ያለፈ ካለ ግን የኔን መልስ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ድረስ አስመጣ፣ ጥጃውን በእግሩ ክሊኒክ አትንዳው።